ሶፍትዌር የገዛ ነጋዴ መዝገብ ያዡ ማን ነው?

የችግር መዝገብ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ካልተግባባ ኪሳራው የሚያርፈው በገዢው ላይ ነው

በልደታ ክፍለ ከተማ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሠፈር ይህ ጸሐፊ ደጋግሞ የሚሄድበት አንድ የጅምላ መደብር አለ። ባለቤቱ ሽያጭን፣ መጋዘንንና ደረሰኝን አንድ ላይ የሚያያይዝ ሶፍትዌር ካስገቡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ገበያው በደራበት አንድ የበዓል ሰሞን ችግር ተፈጠረ። ደንበኛ የመለሰው ዕቃ ወደ መጋዘን መግባቱ ሲመዘገብ ሶፍትዌሩ በዕቃው ላይ እንደ መደመር ጭራሽ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀንስ ጀመር። ዘይቱ መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ እያለ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላል።

ሂሳብ ሠራተኛዋ ለሶፍትዌር ቤቱ ደወለች፤ በቴሌግራም ፎቶ ላከች፤ በደብተሯም ያዘችው። ከሳምንት በኋላ አንድ ወጣት ባለሙያ ለባለቤቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ያ ችግር እኮ ተዘግቷል» አላቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው በማግስቱ ቢሞክሩት ችግሩ እንዳለ ነው። ነገሩ ሲጣራ ወጣቱ አልዋሸም። በቢሮው መዝገብ ላይ ጉዳዩ በእርግጥ ተዘግቷል። ፕሮግራሙም ታርሟል። ይሁን እንጂ የታረመው ፕሮግራም በመደብሩ ኮምፒዩተር ላይ አልተጫነም። በዚህ ምክንያት የሦስት ሳምንት የዕቃ ቆጠራ ተዛባ፤ ያለ ዕቃ የለም እየተባለ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ሄደ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሠራተኛዋ አመልክታለች፤ ባለሙያው አርሟል። የጎደለው ነገር አንድ ነው፤ የሁለቱም መዝገብ እርስ በርስ አይነጋገርም። የሠፈሩ ስም የጠመንጃ ያዥን ሥራ ያስታውሳል። በቢሮ ቋንቋችን ደግሞ ገንዘብ ያዥ፣ ሂሳብ ያዥ፣ መዝገብ ያዥ እንላለን። ያዥ የያዘውን ነገር ሲጠየቅ የሚያቀርብ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሳውም ጥያቄ ይኸው ነው። በሶፍትዌር የሚነግድ ሰው፣ የሶፍትዌሩን ችግር የሚይዝለት መዝገብ በማን እጅ ነው? ከማንስ ጋር ይግባባል?

ለመሆኑ የችግር መዝገብ ምንድን ነው?

በሙያው ሰዎች ዘንድ «ኢሹ ትራከር» እየተባለ የሚጠራው የችግር መዝገብ፣ በአንድ ሶፍትዌር ላይ የታየ እያንዳንዱ ጉድለት ወይም የቀረበ ጥያቄ ቁጥር ተሰጥቶት የሚያዝበት ፕሮግራም ነው። ማን አመለከተ? መቼ? ጉዳዩ ለማን ተመራ? ምን ያህል አስቸኳይ ነው? አሁን በምን ደረጃ ላይ ይገኛል? ይህ ሁሉ በቁጥሩ ሥር ይቀመጣል።

ልደታ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው የነገሩን ሥርዓት በቀላሉ ይረዳዋል። በፍርድ ቤት ደጅ ባለጉዳይ የሚጠየቀው በመጀመሪያ ስሙን ሳይሆን የመዝገብ ቁጥሩን ነው። አንድ የወንጀል ጉዳይ ግን ቁጥሩ አንድ ብቻ አይደለም። ፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዐቃቤ ሕግ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤቱም እንዲሁ። ሦስቱ ቁጥሮች በወረቀቱ ላይ እርስ በርስ ከተጠቃቀሱ ጉዳዩ ይራመዳል። ካልተጠቃቀሱ ባለጉዳዩ ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ሲንከራተት ይውላል።

በሶፍትዌር ቤትም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ከችግር መዝገቡ ሌላ ባለሙያዎች የሚሠሩባቸው ብዙ መሣሪያዎች አሉ። የፕሮግራሙ ጽሑፍና የእያንዳንዱ ለውጥ ታሪክ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት አለ፤ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራው ጊት ሲሆን፣ በእሱ ላይ የቆሙት ጊትሃብና ጊትላብ ይታወቃሉ። የተለወጠውን ፕሮግራም የሚፈትሽና ለመጫን የሚያዘጋጅ እንደ ጄንኪንስ ያለ መሣሪያ አለ። ፕሮግራሙ ደንበኛ ዘንድ ሲሰናከል በራሱ የሚያመለክት እንደ ሴንትሪ ያለ ጠቋሚ አለ። መልእክት መለዋወጫም አለ፤ በእኛ አገር ይህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ቴሌግራም ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች የአንድ ኩባንያ ሥራ አይደሉም። መዝገቡን የሠራው አንድ፣ መዝገቡን የሚጠቀምበት ሌላ፣ ግምጃ ቤቱን ወይም መፈተሻውን የሠራው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው። የሦስተኛ ወገን መሣሪያ ከመዝገቡ ጋር እንዲግባባ ማድረግ የሚባለውም ይኸው ነው። የፖሊሱን፣ የዐቃቤ ሕጉንና የፍርድ ቤቱን ቁጥር አንድ ላይ ማያያዝ ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት «አለቀ»

ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። «ችግሩ አለቀ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ባለሙያው በመዝገቡ ላይ «ተዘግቷል» ብሎ መጻፉ ነው። ሁለተኛው የታረመው ጽሑፍ ግምጃ ቤት ገብቶ ፍተሻውን ማለፉ ነው። ሦስተኛው የታረመው ፕሮግራም በእርስዎ መደብር ኮምፒዩተር ላይ መጫኑና መሥራቱ ነው። ለነጋዴው ትርጉም ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ ካልተያያዙ ግን የመጀመሪያው ብቻ ተሰምቶ ሦስቱም እንደተፈጸሙ ይታሰባል። የጠመንጃ ያዡ መደብር የገጠመውም ይኸው ነው።

መሣሪያዎቹ ሲያያዙ ባለሙያው እርማቱን ግምጃ ቤት ሲያስገባ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ለምሳሌ 214ን፣ በማስታወሻው ላይ ይጠቅሳል። ግምጃ ቤቱ ቁጥሩን አይቶ ለመዝገቡ «የ214 እርማት ገብቷል» ይላል። መፈተሻው «214 ፍተሻውን አልፏል» ሲል ያክላል። የጫነውም «214 በዚህ ቀን በዚህ መደብር ተጭኗል» ይላል። ያን ጊዜ ሂሳብ ሠራተኛዋ ስልክ መደወል አያስፈልጋትም፤ ቁጥሩን ከፍታ ታያለች።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን አንባቢ የሚዘነጋው አይመስለንም። በአንድ ሌሊት ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ባንኩ አስታውቋል፤ አብዛኛውም በኋላ ተመልሷል። ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ነገሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገልጾ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለትንሹም ለትልቁም ይሠራል። በሥርዓት ላይ የሚደረግ ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። የትኛው ለውጥ፣ በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ በፍጥነት ለማወቅ የለውጡ ታሪክና የችግሩ መዝገብ አንድ ላይ መያያዝ አለባቸው።

በርና ደወል

ሁለት ፕሮግራሞች የሚግባቡት በሁለት ዋና መንገድ ነው። አንደኛው በር ነው፤ ባለሙያዎች ኤ.ፒ.አይ. ይሉታል። የመዝገቡ ሠሪ «በዚህ በር በዚህ አኳኋን ብትጠይቁኝ ይህን እመልሳለሁ» ብሎ የሚያሳውቀው መግቢያ ነው። በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ቶክን ይባላል። ጠባቂም አለው፤ ለምሳሌ ጊትሃብ አንድ የታወቀ ተጠቃሚ በሰዓት ከ5,000 ጊዜ በላይ እንዲጠይቅ በተለመደው አሠራር አይፈቅድም።

ሁለተኛው ደወል ነው፤ ስሙ ዌብሁክ ነው። በበር በኩል ሲሆን ሌላው ፕሮግራም እየሄደ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በደወል በኩል ግን አዲስ ነገር ሲፈጠር መዝገቡ ራሱ ይጠራዋል። ደወል ፈጣንና ርካሽ ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት። መብራት በጠፋበት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠበት ሰዓት ከተደወለ የሚሰማ የለም። ጊትሃብን ብንወስድ ያልደረሰን ደወል በራሱ ጊዜ ደግሞ አይደውልም። ስለዚህ እንደኛ ባለ ከተማ በደወል ብቻ የተመሠረተ ግንኙነት አያዛልቅም። ሂሳብ ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ከባንክ ጋር ሂሳብ እንደምታስታርቅ ሁሉ፣ ሁለቱ መዝገቦች በየሌሊቱ በበር በኩል ተያይተው የጎደለውን ማሟላት ይኖርባቸዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሀ ለለ የላከውን ለውጥ ለ እንደ አዲስ ነገር ቆጥሮ መልሶ ለሀ ከላከው፣ ሀም እንደገና ከላከው፣ ሁለቱ መዝገቦች እንደ ገደል ማሚቶ ሲጠራሩ ያድራሉ። ሠርቶ የሚያውቅ ባለሙያ እያንዳንዱን መልእክት ከየት እንደመነጨ ምልክት ያደርግበታል፤ ከራሱ የወጣውንም አይቀበልም። ሶፍትዌር ቤት ሲመርጡ «ይህን እንዴት ትከላከሉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሠራ ሰው ወዲያው ይመልሳል።

ሦስት ሰዓት የትኛው ሦስት ሰዓት ነው?

መሣሪያዎቹ መገናኘታቸው ብቻ በቂ አይደለም፤ የሚነጋገሩትም ቋንቋ አንድ መሆን አለበት። አንዱ መዝገብ ለአንድ ጉዳይ «ክፍት፣ በሥራ ላይ፣ ዝግ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች ሲኖሩት ሌላው ሰባት ይኖሩታል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ አንዱ ዘንድ «በፍተሻ ላይ» የነበረው ሌላው ዘንድ «ዝግ» ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። የመደብሩ ሠራተኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ብላ ታመለክታለች። የመደብሩ ኮምፒዩተር ያንኑ ሰዓት 9 ብሎ ይጽፈዋል። ፕሮግራሙ የሚሠራበት የውጭ አገር ማሽን በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚቆጥር 6 ይለዋል። አንድ ቅጽበት በሦስት ቁጥር ተመዘገበ ማለት ነው። ባለሙያው የሦስት ሰዓቱን መዝገብ ከፍቶ ሲፈልግ ምንም ችግር አያገኝም፤ ችግሩ ያለው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ወር ሲመረጥ አሥራ ሁለት ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ጳጉሜን ቦታ የለውም። ይህ ሊፈታ እንደሚችል ግን በአገራችን ምሳሌ አለ። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትና በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.-2 የተባለ የጤና መረጃ ሶፍትዌር የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይቀበላል። የዚሁ ሶፍትዌር የችግር መዝገብም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ አንድ ጉድለት መቼ ተመዝግቦ መቼ እንደታረመ ማንም ማየት ይችላል።

ስምም ያስቸግራል። የውጭ መሣሪያዎች ሰውን በቤተሰብ ስም ይለያሉ፤ እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ስለዚህ ሁለት መዝገቦች ሰውን ሲያዛምዱ በስም ሳይሆን በኢሜይል አድራሻ ወይም በሠራተኛ መለያ ቁጥር እንዲሆን ማድረግ ይሻላል።

ከዚህ ቀደም ያየነው ነገር ነው

አለመግባባት ስንት እንደሚያስከፍል ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር አማርኛ የጻፈ ሁሉ ያስታውሰዋል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈው ደብዳቤ ቪዥዋል ግዕዝ ባለው ቢሮ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ስለሰጠ ሰነድ ሲላክ ሶፍትዌሩም አብሮ መላክ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር ሰጠ። ዛሬ በማንኛውም ስልክ የተጻፈ አማርኛ በማንኛውም ስልክ የሚነበበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ነው። ቀደም ሲል የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን በአብዛኛው አይሠራም ነበር። ባንኮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2016 ሥራ ሲጀምር ካርዱ በየማሽኑ መሥራት ጀመረ። ሂሳቡን እንመልከተው። ሠላሳ ባንኮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገናኙ ቢባል 435 ግንኙነት ያስፈልጋል። መሐል ላይ አንድ መገናኛ ከተቀመጠ ግን 30 ብቻ ይበቃል። አምስት የሙያ መሣሪያ ያለው ሶፍትዌር ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሁለቱን ቢያገናኝ 10፣ በአንድ ማእከል ቢያገናኝ 5።

በችግር መዝገቦች በኩል እንዲህ ያለ የጋራ ደንብ ለማውጣት ያልተሞከረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ኦ.ኤስ.ኤል.ሲ. የተባለው ደንብ ዓላማው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ በሰፊው ከሚሠራባቸው መዝገቦች ብዙዎቹ በየራሳቸው በር መቀጠልን መርጠዋል። ክፍተቱን የሚሞሉት አገናኝ ኩባንያዎች ናቸው። እንደ ዛፒየር ያሉት በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ቆመው መልእክት ያሻግራሉ፤ ሥራቸው በትክክል የደላላ ሥራ ነው። ክፍያቸውም በተሻገረው መጠን ይጨምራል። ደላላ ገበያውን ያፋጥናል፤ ሆኖም ገዢና ሻጭ የሚተዋወቁበት ገበያ ላይ ኮሚሽን መክፈል ብልህነት አይደለም። በየቀኑ ብዙ መቶ መልእክት የሚሻገር ከሆነ ቀጥተኛ ግንኙነት ማሠራት ይረክሳል፤ በሳምንት ጥቂት ብቻ ከሆነ ደላላው ይሻላል።

በሩ ሲዘጋ

ወደ ጠመንጃ ያዡ መደብር እንመለስ። ባለቤቱ በመጨረሻ ሶፍትዌር ቤቱን ለመቀየር ወሰኑ። አዲሱ ባለሙያ በመጀመሪያ የጠየቃቸው የሁለት ዓመቱን የችግር መዝገብ ነበር። ቀድሞ የትኛው ነገር ተበላሽቶ እንዴት እንደታረመ ሳያውቅ ቢጀምር ያንኑ ስህተት ሊደግም ይችላልና። የቀድሞው ቤት ግን መዝገቡ በራሱ ስም ባለ ሥርዓት ውስጥ ስለሆነ ማውጣት እንደማይቻል ነገራቸው። ውሉ ሲታይ ስለ መዝገቡ አንድ ቃል የለበትም። ሁለት ዓመት የተከፈለበት ትምህርት ከሰው ጋር ሄደ።

ይህ በትንሽ መደብር ብቻ የሚደርስ አይደለም። ጎግል የፕሮግራም ግምጃ ቤትና የችግር መዝገብ አብሮ የያዘውን ጎግል ኮድን እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በ2015 አስታውቆ በ2016 መጀመሪያ ዘጋው። ተጠቃሚዎች ንብረታቸውን ይዘው የሚወጡበት መንገድ ግን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ገበያ ላይ የዋለውና በዓለም በሰፊው የሚሠራበት ጂራ የተባለው መዝገብ ባለቤት፣ የአውስትራሊያው አትላሲያን፣ በደንበኛው ግቢ የሚቀመጠውን ሰርቨር የተባለ ዓይነት መሸጥ በ2021 አቁሞ ድጋፉን በየካቲት 2024 አቋረጠ። በደንበኛ ማሽን ላይ የሚሠራው ቀሪው ዓይነትም በመጋቢት 2029 እንደሚያበቃ በ2025 አሳውቋል። ጊትሃብ በበኩሉ የአሜሪካንን ማዕቀብ ለማክበር እ.ኤ.አ. በ2019 በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ያሉ ተጠቃሚዎቹን አገልግሎት ገድቦ ነበር።

ጥሩ ምሳሌም አለ። የፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ባለሙያዎች ለዓመታት የሠሩበትን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ጊትሃብ አዛውረዋል። አሮጌው መዝገብ ለንባብ ተትቶ እያንዳንዱ አሮጌ ቁጥር ወደ አዲሱ እንዲያመራ ተደርጓል። ይህን ማድረግ የቻሉት መዝገቡ በእጃቸው ስለነበረ ነው።

የምንዛሪውን ነገርም አንርሳ። የውጭ መዝገቦች የሚከፈሉት በዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 80 ዶላር የሚከፍል ቤት ወጪው ከ4,560 ብር ወደ 8,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ይህ ሲደርስ መዝገቡን ይዞ ወደ ርካሹ ወይም በራሱ ማሽን ላይ በነፃ ወደሚጫነው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ወዳለው በግዚላ መሄድ የሚችለው በሩ የተከፈተለት ብቻ ነው።

የሥራ ሰዓቱን እናስላ

አለመያያዙ በራሱ ዋጋ አለው። ለምሳሌ ያህል አምስት ባለሙያ ያለው ሶፍትዌር ቤት እንውሰድ። እያንዳንዱ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው መረጃ ለመገልበጥ በቀን 20 ደቂቃ ያጠፋል እንበል። በቀን 100 ደቂቃ ነው። አምስቱ በቀን የሚሠሩት 40 ሰዓት ወይም 2,400 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ከደመወዙ ሃያ አራተኛው ለመገልበጥ ይሄዳል። የእያንዳንዱ ደመወዝ 60,000 ብር ነው ብንል በወር 12,500፣ በዓመት 150,000 ብር ይሆናል። ይህን የሚከፍለው ባለቤቱ ይመስላል። ዞሮ ዞሮ ግን በጥገና ክፍያው ውስጥ ተጨምሮ የሚመጣው ለደንበኛው ነው።

በሶፍትዌር ኩባንያ ድርሻ ለመግዛት ለሚያስብ ባለሀብትም መዝገቡ ጥሩ መስተዋት ነው። ስንት ጉዳይ ክፍት ነው? አንድ ጉዳይ እስኪዘጋ በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል? ከተዘጋው ውስጥ ስንቱ እንደገና ተከፈተ? መዝገቡ ከግምጃ ቤቱ የለውጥ ታሪክ ጋር ከተያያዘ እነዚህን ቁጥሮች ለገዢ ዓይን ብሎ በአንድ ሌሊት ማሳመር ያስቸግራል። የሚያምር ማስታወቂያ ያለው፣ መዝገቡን ሲጠየቅ ግን የሚያመነታ ኩባንያ ዋጋው ከተጠየቀው በታች ነው።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ሶፍትዌር ለመግዛት ወይም ለማሠራት የሚዋዋል ሰው የሚከተሉትን ቢያስገባ አይጸጸትም።

አንደኛ፣ የችግር መዝገቡ የገዢው ንብረት እንደሆነ ይጻፍ። በየወሩም አስተያየቱ፣ ዓባሪውና የለውጥ ታሪኩ ሳይቀር ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ግልጽ ቅርጽ ለገዢው ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ በር እንዳለው፣ አጠቃቀሙ በጽሑፍ እንደተዘጋጀና ለመክፈቻው ተጨማሪ ክፍያ መኖር አለመኖሩ ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ «ተዘጋ» ማለት በገዢው ማሽን ተጭኖ በገዢው ሠራተኛ ተሞክሮ ነው ተብሎ ይተርጎም። ክፍያም ከዚሁ ጋር ይያያዝ።

አራተኛ፣ በስልክም ሆነ በቴሌግራም የመጣ አቤቱታ ሁሉ ቁጥር ይሰጠው። ቁጥር ያልተሰጠው አቤቱታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

አምስተኛ፣ መሣሪያዎቹን የሚያገናኘው ቁልፍ በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይውጣ፤ የሚከፍተውም የሚያስፈልገውን በር ብቻ ይሁን። ባለሙያ ሲለቅ ቁልፉ በዕለቱ ይሰረዝ። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የመጋዘን ቁልፍ ይዞ እንዲሄድ የሚፈቅድ ነጋዴ የለም።

ስድስተኛ፣ ቀንና ሰዓት በውስጥ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ለሠራተኛው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ።

ሰባተኛ፣ ለማስረጃ የሚላከው ፎቶ የደንበኛን ስልክና የሂሳብ ቁጥር እንዳይዝ ጥንቃቄ ይደረግ። መዝገቡ ከብዙ መሣሪያ ጋር በተያያዘ ቁጥር መረጃው የሚደርስበት ቦታ ይበዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው።

የጠመንጃ ያዡ ነጋዴ ከአዲሱ ቤት ጋር በተዋዋሉበት ወረቀት ላይ ስለ ዋጋው ከተከራከሩት ይልቅ ስለ መዝገቡ የተከራከሩት ይረዝማል። ሂሳብ ሠራተኛዋም ዛሬ ስታመለክት ቁጥር ትቀበላለች፤ ቁጥሩንም በደብተሯ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ላይ ትከታተላለች። ዋጋ ላይ የተቀነሰ ብር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚተርፈው፤ መዝገቡን በእጁ የያዘ ገዢ ግን በማንኛውም ቀን ይዞት መሄድ ይችላል። ሻጩም ይህንን እያወቀ ይሠራል።